“የአየር ዝውውር” ወይስ “የአየር ፍሰት”? በኮምፒውተር ማራገቢያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የጠረጴዛ ኮምፒውተርን ክፍል በክፍል ገዝቶ በቤቱ የሚገጣጥም ሰው አብዛኛውን ሥራ የሚያከናውነው በዐይኑ እየተመራ ነው። የማስታወሻው ሰሌዳ በአንድ አኳኋን ካልሆነ በቀር ከመሰኪያው አይገባም፤ የኤሌክትሪኩ መሰኪያም ቅርጹ ራሱ ቦታውን ያመለክታል፤ የተሳሳተ ነገር ሲሞከር ዕቃው ራሱ እንቢ ይላል። ማራገቢያው ግን እንዲህ አይደለም። ገልብጠው ቢያስሩትም ብሎኑ ይገባል፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝም ይሽከረከራል፤ ነፋስም ይሰጣል። ስሕተቱ የሚታወቀው ከቀናት ወይም ከወራት በኋላ፣ መሣሪያው ያለመጠን እየሞቀ ሥራው ሲንቀራፈፍ ነው። ስለዚህ በዚህ ክፍል ላይ የገጣጣሚው መሪ የዕቃው ቅርጽ ሳይሆን የተነገረው ወይም የተጻፈለት ቃል ነው። ቃሉ ካሳሳተ እጁም ይሳሳታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሂስ ስለ ኮምፒውተር ማራገቢያና በውስጡ ስለሚያልፈው አየር በአፍም በጽሑፍም ስንሠራባቸው የሚታዩትን ዋና ዋና ስያሜዎች ይመረምራል። የሂሱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ስያሜዎቻችን ነፋስ መኖሩን ይናገራሉ እንጂ ነፋሱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይናገሩም፤ በዚህ መሣሪያ ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ መነሻውና መድረሻው ነው።

ለምርመራችን መለኪያ ይሆነን ዘንድ በቡለን የሚኖረውን ገጣጣሚ በሐሳባችን ፊት አቁመናል። ቡለን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የምትገኝ ናት። በአካባቢው ሺናሽኛ፣ ጉሙዝኛ፣ አማርኛ፣ አገውኛና ኦሮምኛ ይነገራሉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ሺናሽኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ይመደባል፤ ጉሙዝኛን ደግሞ አብዛኞቹ ሊቃውንት ከናይሎ ሰሃራዊ ቋንቋዎች ይቈጥሩታል። ከዚህ የተነሣ በቡለን የአማርኛ ስያሜ የሚሰማ ሰው ቃሉን ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ሥር ጋር አገናኝቶ ትርጉሙን ሊገምት የማይችልበት ጊዜ ብዙ ነው። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ያለው ገጣጣሚ ቃሉ ቢያሳስተው መንገድ ተሻግሮ ባለሙያ ይጠይቃል፤ የተቃጠለውንም ክፍል በዚያው ቀን ይተካል። መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት ቦታ ግን የአንድ ቃል መድበስበስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ያስከፍላል። ለዚህ ሰው የበቃ ስያሜ ለሌላውም ሁሉ እንደሚበቃ እንገምታለን።

1. ስያሜ የሚሰጠው ሥራ

ስያሜን ከመንቀፍ በፊት የሚሰየመውን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል። ኮምፒውተር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጐደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሙቀት በመጀመሪያ ከአንጎለ ኮምፒውተሩ ላይ ከተለጠፈው ብረት፣ ከብረቱም በመሐሉ ወደሚያልፈው አየር ይሸጋገራል። ይህ የሞቀ አየር ከሳጥኑ ወጥቶ በቦታው ከውጭ የመጣ አየር ካልተተካ ብረቱ ሙቀቱን የሚያስረክበው ያጣል። ሙቀቱ እንደየሥሪቱ ወደ 95 ወይም ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ አንጎለ ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካላዳነው ሥራውን ያቆማል።

የሚያስፈልገውን የአየር መጠን በቍጥር ማስላት ይቻላል። 300 ዋት የሚወስድ መሣሪያ የሚያልፍበት አየር ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ፣ በባሕር ጠረፍ በየሴኮንዱ 25 ሊትር ያህል አየር ሊያልፍበት ይገባል። ከፍታው እየጨመረ በሄደ መጠን ግን አየሩ ስለሚሳሳ ያው 25 ሊትር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 1570 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአሶሳ ወደ 30 ሊትር፣ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባም ወደ 33 ሊትር ያስፈልጋል። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት በሁሉም ቦታ ከሞላ ጐደል አንድ ነው፤ የሚገፋው አየር ክብደት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የማራገቢያ ችሎታ በደጋው አገር የዚያኑ ያህል ሙቀት አያነሣም። በሰው አገር ስያሜና በሰው አገር ልክ ብቻ መመራት የማያዋጣ መሆኑን ይህ ብቻውን ያሳያል።

ማስተዋል የሚገባው ሌላው ነገር የስያሜው ታሪክ ነው። በ1973 ዓ.ም. ክረምት ለገበያ የቀረበው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር የነበረው ማራገቢያ በኃይል ማቅረቢያው ውስጥ ያለው አንዱ ብቻ ነበር። ለአንድ ማራገቢያ አንድ ስም ይበቃል። ዛሬ ግን አንድ ሰው በቤቱ በሚገጣጥመው መሣሪያ ውስጥ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንድ ጊዜም ስድስት ማራገቢያ ይኖራል፤ ከእነዚህም አንዱ የሚስበውን ሌላው ሊያስወጣ ይገባል። ሥራቸው ተቃራኒ የሆኑ ዕቃዎች በአንድ ስም ሲጠሩ ችግሩ ይጀምራል። የአቅጣጫ ነገር የሠሪዎቹም ራስ ምታት እንደ ነበር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው የሳጥንና የሰሌዳ መለኪያ በመጀመሪያው አቋሙ የኃይል ማቅረቢያው ማራገቢያ አየር ወደ ውስጥ እንዲነፋ ያዝዝ ነበር፤ በኋላ ግን ተሻሽሎ ወደ ውጭ የሚነፋው ተለመደ። ዕቃው ያው፣ ስሙም ያው ሆኖ ሥራው ተገላበጠ።

2. “ማራገቢያ” እና “ማቀዝቀዣ”

“ማራገቢያ” ከአማርኛ የወጣ፣ ለሁሉም የተሰማ፣ ሊተካ የማይገባው ቃል ነው። ይሁን እንጂ የቃሉን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። አራገበ የሚለው ግስ በጓዳችን በመጀመሪያ የሚነገረው ስለ እሳት ነው። በጀበና ሥር ያለው ፍም እንዲቀላ ይራገባል፤ በምሳሌያዊ አነጋገርም ጠብና ወሬ ይራገባል። ያው ማራገቢያ በሙቀት ቀን በፊታችን ላይ ሲወዛወዝ ደግሞ ያቀዘቅዘናል። ስለዚህ ቃሉ በራሱ ማሞቅንም ማቀዝቀዝንም አይናገርም፤ አየርን ማንቀሳቀስን ብቻ ይናገራል። ይህ የቃሉ ጕድለት ሳይሆን እውነተኛነቱ ነው፤ የኮምፒውተሩ ማራገቢያም የሚሠራው ይህንኑ ነውና።

“ማቀዝቀዣ” ግን የሌለ ነገር ይናገራል። በቤታችን ማቀዝቀዣ ሲባል የምናውቀው ምግብን ከክፍሉ ሙቀት በታች አውርዶ የሚያኖረውን ዕቃ ነው። የኮምፒውተር ማራገቢያ እንዲህ ያለ ኃይል የለውም። ክፍሉ 32 ዲግሪ ከሆነ ማራገቢያው የሚያስገባው አየር ከ32 ዲግሪ አይወርድም፤ የውስጡም ዕቃ ከዚያ በታች አይቀዘቅዝም። “ማቀዝቀዣ ጨምርበት” የተባለ ሰው ቅዝቃዜ የሚያመርት ነገር የገዛ ይመስለዋል፤ ስለሆነም ሳጥኑን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ወይም በጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግቶበት ማራገቢያ በማራገቢያ ላይ ይጨምራል። በመተከል ቆላ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው የበጋ ሙቀት እንዲህ ያለው አሳብ የሚያስከትለውን ጥፋት መገመት አያዳግትም። ስለዚህ “ማቀዝቀዣ” ለዚህ ዕቃ እንዳይሰጥ እናሳስባለን።

“ፋን” እና “ቬንትሌተር” የሚሉትን የውጭ ቃላት በሚመለከት ጠብ የለንም። ባለሙያው በአፉ “ፋን” ቢል ያጥርለታል፤ ቃሉ ባዕድ በመሆኑ ብቻ የሚደርስ ጉዳት አላየንም። የመካኒኮቻችን “ኩሽኔታ” ከጣልያንኛ መጥቶ ለሚሽከረከር ዘንግ መደገፊያ የታወቀ ስም ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የማራገቢያው ዘንግ መደገፊያም ያው ኩሽኔታ ተብሎ ቢጠራ አዲስ ቃል ከመፍጠር ይሻላል። የምንነቅፈው ባዕድነትን ሳይሆን አሳሳችነትን ነው።

3. “የአየር ዝውውር”

ከሁሉ ይልቅ ልንነቅፈው የሚገባን፣ ከሁሉ ይልቅም የተለመደው ስያሜ ይህ ነው። “ኮምፒውተሩ ጥሩ የአየር ዝውውር ያስፈልገዋል” የሚለውን አነጋገር የማያውቅ የለም። ስያሜው የመጣው ከጤና ትምህርት ይመስላል፤ በዚያም “የአየር ዝውውር ያለበት ክፍል” ሲባል መስኮቱ የተከፈተ ክፍል መሆኑን ሁሉም ይረዳል።

ነገር ግን ተዘዋወረ የሚለው ግስ ምን ማለት እንደ ሆነ እንመልከት። የሚዘዋወር ነገር ከቦታ ቦታ ይዞራል፤ ዞሮም ይመለሳል። “የደም ዝውውር” ትክክለኛ ስያሜ የሆነው ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ ስለሚመለስ ነው። አየር በኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ እንዲህ ቢያደርግ ግን የሥራው መበላሸት ነው። ሙቀት ጠጥቶ የወጣው አየር ተመልሶ በመግቢያው ከገባ፣ ወይም ከአንዱ ማራገቢያ ወደ ሌላው እየተወረወረ በውስጥ ከዞረ፣ መሣሪያው የራሱን ትኵሳት መልሶ እየተነፈሰ ነው ማለት ነው። እንግዲህ “ዝውውር” የምንፈልገውን ነገር ሳይሆን የምንሸሸውን ነገር በትክክል ይገልጻል። በስም ደረጃ ከዚህ የባሰ ስሕተት ሊኖር አይችልም፤ ስያሜው በሽታውን መድኃኒት ብሎ ጠርቶታልና።

ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል በገጣጣሚው እጅ ላይ የሚያመጣውን ውጤት እንይ። “ዝውውር” የተባለ ሰው ማራገቢያዎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ አዙሮ ቢያስር በቃሉ መሠረት አልተሳሳተም፤ በውስጥ ብዙ አየር ይዘዋወራልና። የሳጥኑንም የጎን ሽፋን ነቅሎ ቢያስቀምጥ እንደዚሁ ነው። ሽፋኑ የተነሣ ጊዜ ከፊት የገባው አየር የሞቁትን ክፍሎች ሳይነካ በጎን ሊወጣ ይችላል፤ አቧራውም ያለ ማጣሪያ ይገባል። ሽፋኑ ሲነሣ ሙቀቱ በእርግጥ በጉልህ የሚቀንስ ከሆነ ይህ የሚያስረዳው የአየር መግቢያው ጠባብ ወይም የተደፈነ መሆኑን ነው፤ መድኃኒቱም ሽፋኑን ጥሎ መኖር ሳይሆን መግቢያውን ማስፋት ወይም ማጽዳት ነው። ይህን ዐይነት ምርመራ ለማድረግ ግን ገጣጣሚው በአእምሮው የያዘው ሥዕል የሚዞር አየር ሳይሆን ገብቶ የሚወጣ አየር መሆን አለበት።

በምትኩ የምናቀርበው “የአየር ፍሰት” ነው። ፈሰሰ የሚለው ግስ ምንጭና መድረሻ አለው፤ የፈሰሰ ውኃ ወደ ምንጩ አይመለስም። ፈሰሰ ለውኃ እንጂ ለአየር አይነገርም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ “የኤሌክትሪክ ፍሰት” እና “የትራፊክ ፍሰት” ከተለመዱ ቈይተዋል፤ ቃሉ ከውኃ ከወጣ በኋላ ወደ አየር ለመሻገር የሚከለክለው የለም። “የአየር መንገድ” የሚለው ከሁሉ የተሻለ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ለአውሮፕላን ድርጅት ስም ሆኖ ተይዟል፤ “በኮምፒውተርህ ውስጥ የአየር መንገድ አለ ወይ?” ብሎ መጠየቅ ከማስተማር ይልቅ ያስቃል።

ገበሬዎቻችን ይህን ልዩነት በአውድማ ላይ ጠንቅቀው ያውቁታል። እህል የሚያነፍስ ሰው ነፋስ አለ ወይ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ከየት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ቦታውንም በዚያው መጠን ይለውጣል። ነፋሱ አቅጣጫውን የለወጠ እንደ ሆነ ገለባው ተመልሶ በምርቱ ላይ ያርፋል። ነፋስ በዝቶ ሳለ ሥራው ይበላሻል ማለት ነው። ለኮምፒውተር ገጣጣሚም ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አናገኝለትም፤ አውድማ ላይ ያደገ ልጅ “ፍሰት” ሲባል የሚረዳው ከተጻፈለት መመሪያ ቀድሞ ነው።

4. “አየር ማስገቢያ” እና የሰዋስዉ ወጥመድ

“አየር ማስገቢያ” እና “አየር ማስወጫ” የሚሉት ስያሜዎች አቅጣጫን ስለሚናገሩ ከላይኞቹ የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ሌላ እንከን አለባቸው። በአማርኛ በ“መ” እና በ“ማ” የሚጀምሩት የመሣሪያ ስሞች መሣሪያንም ቦታንም እንደሚሰይሙ የታወቀ ነው። መቀመጫ ዕቃም ቦታም ነው፤ ማብሰያ ድስትም ወጥ ቤትም ሊሆን ይችላል። እንደዚሁ “ማስገቢያ” የተባለው በሳጥኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው ወይስ በቀዳዳው ላይ የታሰረው ማራገቢያ? “ማስገቢያውን አጽዳ” የሚል መመሪያ የትኛውን ያዝዛል? “ሁለት ማስገቢያ አለው” ተብሎ የተጻፈለት ሳጥን ከሁለት ማራገቢያ ጋር ይሸጣል ወይስ ከሁለት ባዶ ቀዳዳ ጋር?

መልሱን ከራሱ ከሰዋስዉ ማውጣት ይቻላል። አማርኛ በዚህ ሥር ላይ ሦስት የተለያዩ ስሞች ይሰጠናል። “መግቢያ” ነገሩ በራሱ የሚገባበት ቦታ ነው፤ “ማስገቢያ” የሚያስገቡበት መሣሪያ ወይም ቦታ ነው፤ “አስገቢ” ደግሞ አድራጊው ራሱ ነው። እንግዲህ ቀዳዳውን “መግቢያ” እና “መውጫ”፣ ማራገቢያውን “አስገቢ” እና “አስወጪ” ብንል መደናገሩ ይቀራል። “አስገቢ ማራገቢያ ከፊት መግቢያ ላይ ይታሰራል፤ አስወጪ ማራገቢያ ከኋላ መውጫ ላይ ይታሰራል” የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አይሰጥም። አማርኛን በትምህርት ቤት ለለመደውም ሰው ይህ ሥርዓት ቀላል ነው፤ አንዱን ጥንድ ያወቀ ሌላውን ያለ አስተማሪ ይገምታል።

5. “ፊት” እና “ጀርባ”

ማራገቢያ ሲታሰር “ፊቱን ወደ ውጭ፣ ጀርባውን ወደ ውስጥ” የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ይህ ትእዛዝ ሰሚውን በቀጥታ ወደ ስሕተት ሊመራው ይችላል። በቤታችን ያለው የጠረጴዛ ቬንትሌተር ፊቱ ነፋስ የሚሰጥበት ነው፤ ፊቱን ወደ አንተ አዙረው ማለት ነፋሱን ወደ አንተ አዙረው ማለት ነው። በኮምፒውተር ማራገቢያ ላይ ግን ለዐይን የሚያምረው፣ መቅዘፊያዎቹ ያለ መሸፈኛ የሚታዩበት ገጽ አየር የሚስበው ነው፤ ነፋሱ የሚወጣው ሞተሩን የተሸከሙት ዘንጎች ባሉበት ገጽ በኩል ነው። ስለዚህ በቬንትሌተሩ ልማድ “ፊት” ያልነው በማራገቢያው ላይ “ጀርባ” ሆኖ ይገኛል። በሁለቱ መካከል የቆመው ሰው ገልብጦ ቢያስረው ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የቃሉ ነው።

በዚህም ቦታ መፍትሔው ቀላል ነው። ገጾቹን በመልካቸው ሳይሆን በሥራቸው “ሳቢ ገጽ” እና “ገፊ ገጽ” ብሎ መጥራት ይበቃል። በአንዳንድ ማራገቢያ ክፈፍ ላይ የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ይገኛል፤ ቀስቱ በሌለበት ቀጭን ወረቀት ወይም ክር በቀዳዳው አጠገብ ሲያዝ ወደ ሳጥኑ ከተሳበ መግቢያ፣ ወደ ውጭ ከተገፋ መውጫ መሆኑ ይታወቃል። የዕጣን ጢስም ይህንኑ ያሳያል።

6. “አዎንታዊ ግፊት”

አስገቢዎቹ ከአስወጪዎቹ የሚበልጥ አየር ሲያንቀሳቅሱ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በጥቂቱ ይበልጣል፤ አየሩም በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። አስወጪዎቹ ሲበልጡ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ውጫዊው አየር ማጣሪያ በሌለው ስንጥቅ ሁሉ አቧራ ይዞ ይገባል። የበጋው አቧራ በሚበዛበት እንደ መተከል ባለ አገር ይህ ልዩነት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ አቧራው በብረቱ ቅጠሎች መካከል ተደላድሎ አየሩን ሲዘጋ የሁሉም ማራገቢያ ሥራ ከንቱ ይሆናል።

እነዚህን ሁለት ሁኔታዎች “አዎንታዊ” እና “አሉታዊ ግፊት” ማለት ቃል በቃል መቅዳት ነው። አዎንታዊ ሲባል ሰሚው መልካም፣ አሉታዊ ሲባል መጥፎ ማለት ይመስለዋል። ሁለቱ ግን የመጠን እንጂ የበጎነት ስሞች አይደሉም፤ ከፍተኛ ሙቀት የሚያወጣ የምስል ካርድ ባለበት ሳጥን አስወጪን ማብዛት የሚሻልበት ጊዜም አለ። “ትርፍ ግፊት” እና “ጐደሎ ግፊት” ብንል መብለጥንና ማነስን ብቻ እንናገራለን። ምሳሌውም ግልጽ ይሆናል፦ ችሎታቸው እኩል የሆነ ሁለት አስገቢና አንድ አስወጪ ማራገቢያ ያለው ሳጥን ትርፍ ግፊት ይኖረዋል፤ በመግቢያው ላይ ያለው ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈን ግን ያው ሳጥን ምንም ሳይነካ ወደ ጐደሎ ግፊት ሊለወጥ ይችላል። ይህን የተረዳ ሰው ማጣሪያውን በየጊዜው ያራግፋል።

7. “ሲፒዩ” ማን ነው?

በአገራችን ሳጥኑን ከነሙሉ ይዘቱ “ሲፒዩ” ብሎ መጥራት ተለምዷል። በትክክለኛ አጠራሩ ግን ሲፒዩ በሳጥኑ ውስጥ ያለው፣ ከመዳፍ የሚያንስ አንጎለ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የክፍል ስም ለሙሉው መሰጠቱ በቋንቋ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ጉዳት አለው። “የሲፒዩ ማራገቢያ” የሚለው ለአንዱ በአንጎለ ኮምፒውተሩ ብረት ላይ የተቀመጠው፣ ለሌላው ደግሞ በሳጥኑ ጀርባ ያለው ነው። ከቡለን ስልክ ደውሎ ከአዲስ አበባ “የሲፒዩ ማራገቢያ” ያዘዘ ሰው ሁለቱ ተነጋጋሪዎች አንድ ነገር እያሰቡ መሆናቸውን በምን ያውቃል? ዕቃው ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ከመጣ በኋላ ልኩ ወይም ማሰሪያው አልገጥም ቢል የጠፋው የመንገድ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ቀንም ነው።

ለሳጥኑ “ቀፎ” የሚለውን እናቀርባለን። ቃሉ ለተንቀሳቃሽ ስልክ አካል በመነገሩ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ከገባ ቈይቷል። ከዚህም በላይ በንብ እርባታ ለታወቀ አገር ምስሉ ሕያው ነው። ንቦች ሙቀት ሲበዛባቸው በቀፎው አፍ ላይ ተሰልፈው ክንፋቸውን በማርገብገብ የሞቀውን አየር ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ቀዝቀዝ ያለው አየርም በሌላው በኩል ይገባል። ሥራ ተከፋፍለው፣ አቅጣጫ ጠብቀው ቀፏቸውን ያናፍሳሉ። ለንቡ ቀፎ የሚሠራው ሕግ ለኮምፒውተሩም ቀፎ ይሠራል።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ ከተሰጠው ሂስ የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ማራገቢያ፦ በኤሌክትሪክ ኃይል መቅዘፊያዎቹን እያሽከረከረ አየር የሚያንቀሳቅስ ዕቃ። በንግግር “ፋን” ይፈቀዳል፤ “ማቀዝቀዣ” አይሰጠውም።

አስገቢ ማራገቢያ፦ ከውጭ ወደ ቀፎው ውስጥ አየር የሚገፋ።

አስወጪ ማራገቢያ፦ የሞቀውን አየር ከቀፎው ወደ ውጭ የሚገፋ።

መግቢያ፣ መውጫ፦ አየር የሚያልፍባቸው የቀፎው ክፍተቶች፤ ማራገቢያ ቢታሰርባቸውም ባይታሰርባቸውም።

የአየር ፍሰት፦ አየር በመግቢያ ገብቶ፣ የሞቁትን ክፍሎች ነክቶ፣ በመውጫ የሚሄድበት ጉዞ።

የአየር ዝውውር፦ የሞቀ አየር ሳይወጣ በቀፎው ውስጥ ሲዞር ወይም ከወጣ በኋላ ተመልሶ ሲገባ የሚፈጠር ጉድለት። ስያሜው ለጉድለቱ ብቻ ቢወሰን።

ሳቢ ገጽ፣ ገፊ ገጽ፦ አየር ወደ ማራገቢያው የሚገባበትና ከማራገቢያው የሚወጣበት ገጽ።

ትርፍ ግፊት፣ ጐደሎ ግፊት፦ በቀፎው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው የሚበልጥበትና የሚያንስበት ሁኔታ።

ሙቀት አሰራጭ፦ ከአንጎለ ኮምፒውተሩ ላይ ተለጥፎ ሙቀቱን በቅጠሎቹ ወደ አየር የሚያስረክብ ብረት።

ቀፎ፦ የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚይዘው ሳጥን። “ሲፒዩ” ለአንጎለ ኮምፒውተሩ ብቻ ይቀመጣል።

ማጠቃለያ

የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም የግል ኮምፒውተር አልነበረም፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲወጣም በየቤቱ የሚገጣጠመው ኮምፒውተር በአገራችን ብርቅ ነበር። ስለዚህ ከእነዚህ ታላላቅ ሥራዎች የዚህን ጉዳይ መልስ መጠበቅ አይገባም፤ የእኛ ዘመን ፈንታ ነው። ስያሜ ስንሰጥ የምንጠይቀው “የባዕዱን ቃል ተካነው ወይ?” የሚለውን ብቻ ከሆነ ግን “ዝውውር” ን የመሰለ ሌላ ስሕተት ማምረታችን አይቀርም። ቃሉን ሰምቶ የሚሠራ እጅ ምን ያደርጋል? ማራገቢያውን ወዴት ያዞራል? የሚለው ጥያቄ ሊቀድም ይገባል።

የቡለኑ ገጣጣሚ ሌላም ነገር ያሳስበናል። ስለ ነፋስ፣ ስለ ማንፈስና ስለ ንብ ቀፎ በሺናሽኛና በጉሙዝኛ ያሉት ቃላት በየቋንቋው ተሰብስበው ቢመረመሩ፣ በእነዚያ ቋንቋዎች የሚዘጋጀው ስያሜ ከአማርኛው የተቀዳ ሳይሆን ከየራሳቸው ሥር የበቀለ ይሆናል፤ ምናልባትም አማርኛው ከእነርሱ የሚማረው ይገኛል። ከቀረቡት ስያሜዎች “ቀፎ” እና “ሙቀት አሰራጭ” ገና ብዙ መፈተን የሚሹ ናቸው፤ “ፍሰት” ን በሚመለከት ግን ማመንታት የሚያስፈልግ አይመስለንም። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቃሉን በአንድ ዐረፍተ ነገር መመሪያ ውስጥ አስገብቶ፣ ማራገቢያ በእጁ ለያዘ ሰው አንብቦ፣ ያ ሰው ያደረገውን አይቶ ቢጽፍልን ለቀጣዩ ውይይት ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይሆነናል።